እጅጌ ያልተሰፋለት ካናቴራ

ይድረስ ለልጄ፤

የወጣህበት ደጅ በደህና ይመልስህ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርህ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሰልፍ ሲባል ግን ከሁላችን ቀድሞ ይነሳል። ጣሪያው ተጠግኗል።

ስለ ፋብሪካችን መስማትህ ስለማይቀር ከእኔ ስማው። ወደ እናንተ የምንልከው፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ትዝ ይልሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ እጅጌውን ስሰፋ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። እህትህ አንብባ "ነፃነት ነው የሚለው" አለችን። ለካ ነፃነትን እየሰፋን ለሰው ስንልክ ኖረናል! አምና መንግሥትን ተቃውመን ሰልፍ ስንወጣ በጉድለት የተመለሰውን፣ አንድ እጅጌው የረዘመውን ሁሉ ለብሰን ወጣን። ፎቷችን እናንተ ጋ ሲደርስ ካናቴራውን የሚገዙን የውጭ ደንበኞች አፈሩ፤ ትዕዛዝ ቆመ፤ ዶላር ጠፋ፤ መንግሥትም ወደቀ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ደግሞ አዲሱ ሚኒስትር ሊጎበኘን መጣ። ከጎኑ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ያው የድሮው የውጭ ደንበኛ! "ለአብዮቱ ስትሉ በሰዓት ከአርባ እጅጌ ወደ ሃምሳ ከፍ በሉ" አለን ሚኒስትሩ። ማሽኔን አጠፋሁ። ከጎኔ ያለችውም አጠፋች። የእጅጌ መስመር ከቆመ ሁሉም ይቆማል፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናችን ነው።

"እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" እንዳትለኝ። አርፌ ተቀምጫለሁ፤ የጠፋው ማሽኔ ፊት።

ጤናህን ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካህ። አንዲት ነገር ላስቸግርህ፦ እዚያ ሱቅ ገብተህ ያ ካናቴራ የት እንደደረሰ ጠይቅልኝ። አልመጣም ካሉህ፣ እጅጌው እናቴ ጋ ነው በላቸው።

እናትህ