የሊያም መርዶ

ረቡዕ

ሊያም ሞተ። የነገረችኝ ሾና ናት፤ ከከተማ ወጣ ብላ ኦኮቶክስ የምትኖረው፣ የጎረቤቴ የዴክላን ልጅ፤ ሊያም የአባቷ የድሮ ጓደኛ ነው።

"አቶ ተሰማ፣ ማታ ደውዬ ለአባዬ እነግረዋለሁ፤ እርስዎ ብቅ ብለው ይዩልኝ" አለችኝ።

መርዶ በስልክ አይነገርም አልኳት። ተከራከረች። አልለቀቅኳትም። ዓርብ ማለዳ ራሷ መጥታ፣ ሰው ባለበት ልትነግረው ተስማማን። ከዚያ ማለፍ የለበትም። ሊያም ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብሊን ይደውልለታል። ስልኩ ዝም ካለ ያ ራሱ መርዶ ይሆንበታል፤ ያውም ብቻውን።

ሐሙስ

በረዶ ስጠርግ ዴክላን በአጥሩ በኩል ያዘኝ። ፊቱን ማየት ከበደኝ።

ወሬው እንደ ወትሮው ስለ ባንዳቸው ነው። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ፣ ደብሊን፣ አምስት ልጆች። እሱ ቤዝ ጊታር፣ ሊያም ድምፃዊ። ሰው የሚወደው ሱፍ ለብሰው የዳንስ ዘፈን የሚጫወቱትን ትልልቅ ባንዶች ነበር። እነዚህ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ሪትም ኤንድ ብሉዝ በቀር አንጫወትም አሉ። ከሸክላ እየሰሙ ራሳቸውን አስተማሩ። ይህን ወድጄላቸዋለሁ፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት። አንድ ሸክላ አሳተሙ። ከዚያ የለንደን ሰዎች ሊያምን ብቻ ፈለጉት። ሄደ፤ ባንዱ ፈረሰ። ዴክላን እዚህ በረዶ አገር መጥቶ በያጅ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ተኳርፈው የታረቁት አምና ነው።

"ቅዳሜ ሲደውል ስላንተ እነግረዋለሁ" አለኝ። "አካፋ ይዞ ሰፈሩን ሁሉ የሚያዝ ጄኔራል ጎረቤት አለኝ ብዬ።"

መጥረጌን ቀጠልኩ።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ቆምን። ሾና፣ እኔ፣ ሁለት የዕድራችን ሰዎች፣ ከናይት ሺፍት የመጣችው ልጄ ማህሌት።

"አባዬ፣ ሰውዬው ፖሊስ ይጠራብናል" አለች። ዝም አሰኘኋት።

ዴክላን ከፈተ። "ቤቴ እየተቃጠለ ነው እንዴ?" አለ። ከዚያ ሾናን አየ።

"ሊያም ነው?"

ሾና እጁን ያዘች። ተቀመጠ። አላለቀሰም። እኛም ተቀመጥን። እስከዚህ ድረስ ደንቡን የጠበቀ ነበር።

ቆይቶ ተነሣና ያንን ሸክላ አጫወተ። በለቅሶ ቤት ዘፈን። ሄጄ አጠፋሁት።

"ተሰማ" አለኝ ቀስ ብሎ፤ "የሚዘፍነው እኮ የሞተው ሰው ነው።"

ውጣ ብሎ በሩን አሳየኝ። ማህሌት ጥላኝ ወደ ቤት ገባች።

ቅዳሜ

ከእንቅልፌ ስነቃ የማስበው ያንኑ ነበር። ብቻውን እንዳያዝን ሰው የሰበሰብኩለት እኔ፣ ከጓደኛው ድምፅ የለየሁት እኔ።

ሾና ልጆቿን ልታይ ሄዳለች። ሊያም ይደውልበት የነበረው ሰዓት ሲቃረብ ሄጄ አንኳኳሁ። ቆየ። ከፈተ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልታጠፋ ነው?"

ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ዛሬም አልወጣም። አልፌው ገባሁና ሸክላውን ራሴ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩት። እጄ ስለማያውቀው መርፌው አንዴ ተንሸራተተ።

ሊያም ዘፈነ። የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮው እስኪላጥ ይጮኻል። ዴክላን ያን ጊዜ አለቀሰ፤ እንደ ሰው፣ ድምፅ አውጥቶ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ደግሜ አስጀመርኩለት።

ስወጣ ግን እስከ ሣልስቱ ሌላ ዘፈን እንዳይከፍት ነገርኩት።

"የሊያምን ብቻ?" አለ።

"የሊያምን ብቻ።"

ነገ ቁርስ ይዤለት እሄዳለሁ። በሩን ይከፍትልኛል ብዬ አስባለሁ።