እናትህን የለቀቅሁበት ቀን

ተፌ የኔ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ «ደህና ነን» የምልበትን ቀን ስጠብቅ ነው። ዛሬም እንዲያ ለማለት እፈራለሁ፤ ግን ለሌላ ሰው የማልናገረው ነገር ስላለ ላንተ ልንገርህ።

እናትህ ወደቁ። ዝናብ እንዳባራ ወደ ኩሽና ሲወርዱ አዳለጣቸው። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረና ሆስፒታል አስገባኋቸው፤ ኦፕራሲዮን ተደርገው ብረት ገባላቸው።

አንተ ከሞትክ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ስር እንዴት እንደምንኖር ብታይ ታዝን ነበር። «ዳቦ አለ ወይ»፣ «ማርታ ከትምህርት ቤት መጣች ወይ»፣ ከዚያ ዝም ነው። ያልተነገረውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በመጨረሻው ወር፣ ጉበትህ አቅም ሲያሳጣህ፣ «ትከሻሽን ልያዝና ወደ ግንቡ፣ እስከ ፈላና በር እንሂድ» ስትለኝ እኔ «ተኛ፣ ትወድቅብኛለህ» እልህ ነበር። እናትህ የክፍላችን በር ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። ተኛህ። ከዚያ አልተነሳህም።

አሁን ደግሞ እሳቸውን ደግፎ ማራመዱ የኔ ሥራ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች፤ ቀጭን፣ ቶሎ የምትቆጣ ልጅ ናት። «መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጪያቸው፣ ማዞሩ እስኪለቃቸው ጠብቂ፣ እጃቸውን አትጎትቺ፣ ወገባቸው ላይ ያሰርኩትን ቀበቶ ያዢ፣ በተሰበረው በኩል ቁሚ፣ ነጠላ ጫማ እንዳያደርጉ» አለችኝ። አራት እግር ያለውን መደገፊያ ብረት ከፊታቸው አቁማ አሳየችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ መሄድ አለባቸው። ነርሶቹ ጥቂት ስለሆኑ የቀረው ሁሉ በአስታማሚው ላይ ነው። ያለችኝን በልጃችን በማርታ ደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት።

በአራተኛው ቀን ወደ መጸዳጃ ቤት እየሄድን ስልኬ ጮኸ። የማርታ ትምህርት ቤት መስሎኝ ደነገጥኩና ቀበቶውን ለቀቅሁ። ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነበር። እናትህ ድምፅ እንኳ ሳያሰሙ በጎናቸው ተንሸራተው መሬት ቁጭ አሉ።

ራጁ እስኪወጣ የቆየሁበትን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሁለተኛውንም ሰው ከዚህ ቤት እኔው ልሸኝ ነው አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳሌያቸው ውስጥ የገባው ብረት ከቦታው አልተነቃነቀም። ነርሷ ምን ሆነው እንደወደቁ ስትጠይቃቸው እናትህ «ደክሞኝ ነው፤ ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት» አሏት። ወደኔ ግን ዞር ብለው አላዩም።

ከዚያ በኋላ ቀበቶውን መንካት ፈራሁ። ጠዋት «ዛሬ ይረፉ፣ እማማ» እላለሁ። ከሰዓት «ነገ ይሻላል» እላለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ ለሥልጠና ድሬዳዋ ሄዳ ስለነበር የጠየቀኝ የለም። እንዲህ እያልኩ ሦስት ቀን አስተኛኋቸው። በማግስቱ ከመተኛት ብዛት ተረከዛቸው ቀልቶ አገኘሁት፤ ማሳልም ጀመሩ። ልጅቷ ተመልሳ ስታያቸው ጮኸችብኝ።

«መውደቁን እንዲህ ከፈራሽ መተኛቱን እንዴት አትፈሪም? ሳንባቸው ውሃ እስኪቋጥር ነው የምትጠብቂው?»

እሷ ስትወጣ እናትህ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ስለለቀቅሽኝ አልተቀየምኩሽም፤ ሰው ነሽ። አስተኝተሽ ልታስቀሪኝ ከሆነ ግን እቀየማለሁ። ነይ፣ ያዢኝ።»

ስልኬን ዘግቼ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ማዞሩ እስኪለቃቸው ስንጠብቅ ከሁለታችን ማን እንደታመመ አይለይም ነበር። በዚያ ቀን እስከ መስኮቱ ደረስን። በሳምንቱ ኮሪደሩን ጨረስነው።

ትናንት ከሆስፒታል ወጣን። ባጃጁ እስከ ፈላና በር እንጂ ወደኛ ጠባብ መንገድ አይገባም፤ ታውቀዋለህ። ያ ሁሉ ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ የመደገፊያው እግር የቱ ጋ እንደሚያርፍ እያየሁ ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ጎረቤታችን ፋጡማ ከሩቅ አይታን «ቢስሚላህ፣ ቀስ በሉ!» እያለች ወንበር ይዛ ወጣች። ሦስት ጊዜ አረፍን። ከሦስተኛው እረፍት ተነስተን ስንሄድ እናትህ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄን የጣለው ጉበቱ ነው። አንቺ አይደለሽም። ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

ቀበቶውን አጥብቄ ያዝኩ። አፌን ብከፍት እጄ የሚላላ መሰለኝ።

ይኸው አሁን በወዲያኛው ክፍል ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መደገፊያውን ሲሞክሩ ብረቱ ወለሉን ሲመታ እሰማለሁ፤ ዝም ባለ ቁጥር መጻፌን አቆማለሁ። ሮጬ «ይተኙ» ልላቸው ያምረኛል። እስካሁን አላልኩም። እሳቸው አንቺ አይደለሽም ቢሉኝም ካንተ አልሰማሁትምና ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ይለቀኝ እንደሆነም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ ሳስብህ አልጋ ላይ አላስተኛህም። ማርታን ትከሻህ ላይ አድርገህ የፈረስ መጋላን አደባባይ ስታቋርጥ፣ እኔ ከኋላ «ቀስ በል!» ስልህ አንተ ይባስ ብለህ ስትፈጥን፣ እንደዚያ አድርጌ አስታውስሃለሁ። ለልጅህም የምነግራት ያንን ነው።

እናትህ ጠሩኝ። ሊነሱ ነው፤ ልያዛቸው።

ያንተው ሰብለ