በሰም የታሸገው በሶ

ለክቡር የስንቅና አልባሳት ግዥ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የጨረታ ኮሚቴዎን በሙሉ ጤንነት፣ በማይጠፋ መብራትና በማይቆራረጥ ኢንተርኔት እንዲያገኛችሁ የማኅበራችን አሥራ አንድ ሴቶች ከቡሬ ምኞታቸውን ያቀርባሉ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምንለው ሌላ የምንለው ስለጠፋን ነው።

እኔ ትሕትና የተባለው የበሶና የዳቦ ቆሎ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ለሠራዊቱ ደረቅ ስንቅ ለመግዛት ባወጣው ጨረታ ላይ «አነስተኛ ማኅበራት ይበረታታሉ» የሚል መስመር አነበብንና ተበረታተን ተወዳደርን። ከተማው የሰጠንን የመሥሪያ ሼድ ይዘን ለመቆየት እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ቋሚ ገዢ እንዳለን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ማምጣት አለብን፤ ወረቀቱ ከሌለ ቁልፉን እናስረክባለን፣ ማኅበሩም ይበተናል። ጨረታው የመጨረሻ ተስፋችን ስለነበር የተደረገልንን ሁሉ በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ላመሰግን ወደድኩ።

1. የጨረታው ሰነድ በድረ ገጽ ብቻ እንዲገኝ ስለወሰናችሁ እናመሰግናለን። በወቅቱ ቡሬ ውስጥ ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፈው ስለነበር ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርኩ፤ መንገድ ተዘግቶ ዱርቤቴ ላይ ሁለት ቀን ከተቀመጥኩ በኋላ ደርሼ ሰነዱን አሳትሜ ተመለስኩ። አገሬን እንዳይ ስላደረጋችሁኝ ባለውለታዎቼ ናችሁ።

2. ሰነዱ ተወዳዳሪው ከዚህ በፊት ለመከላከያ አቅርቦ «የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ» የተጻፈለት ቢሆን እንደሚመረጥ ይናገራል። ደብዳቤው የሚጻፈው ላቀረበ ነው፤ እንዲያቀርብ የሚመረጠው ደግሞ ደብዳቤ ያለው ነው። የጥበቡን ጥልቀት ለመረዳት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ስንቅ አቅርበን እናውቃለን። ባለፉት ዓመታት ጠመንጃ ይዞ በራችንን ያንኳኳ ሁሉ በልቶ ሄዷል፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ደብዳቤ የጻፈልንም የለም። መጀመሪያ ሰሞን እንፈራ ነበር። አሁን በር ሲንኳኳ ተነስተን በሶ እንበጠብጣለን፣ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ልምድ፦ አለን፤ ማስረጃ፦ የለንም» ብዬ በሐቅ ሞላሁ።

3. ማስታወቂያው የቴክኒክና የዋጋ ሰነዶቹ «ለየብቻ በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ» ይቅረቡ ይላል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በፕላስተር አሽገው ማኅተም እንደሚመቱበት፣ ሰም የሚለው ቃል በልማድ ብቻ እንደቀረ የነገረን አልነበረም። እኛ የማር አገር ሰዎች ስለሆንን ሰም ሲባል የምናውቀው ሰምን ነው። ሰብሳቢያችን ወ/ሮ በለጠች ከራሳቸው ቀፎ የወጣ ሰም አቅልጠው ሁለቱንም ኤንቨሎፕ ዙሪያውን አሸጉልን። ወደ አዲስ አበባ የወሰደኝ ሾፌር አንዷለም ለመንግሥት ሰነድ ካለው አክብሮት የተነሳ ኤንቨሎፖቹን ደራርቦ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀመጣቸው፤ ዓባይ በረሃ ላይ የቀትር ፀሐይ አገኛቸውና ሰሙ ቀልጦ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ኮሚቴዎ ሊያላቅቃቸው ሲሞክር አብረው ተቀደዱ፤ እኛም «ዋጋን ከቴክኒክ ጋር ቀላቅለው ያቀረቡ» ተብለን እዚያው ከውድድር ወጣን። የቅኔ አገር ሰዎችም ነንና ሰሙን ካየን በኋላ ወርቁን መፈለጋችን አልቀረም፤ እስካሁን ግን አላገኘነውም።

ጨረታው ከተከፈተበት አዳራሽ ስወጣ እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ንዴትም አልመጣም። መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የምሳ ሰዓት ማለፉን እንኳ አላወቅሁም። ቡሬ ገብቼ ስነግራቸው ወ/ሮ በለጠች ለናሙና የሰጠነውን በሶ ቀምሰው ወደዱት ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

4. እሳቸው ስለጠየቁ ለናሙና ያስረከብነው አምስት ኪሎ በሶ የት እንደደረሰ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ደወልኩ። የመለሱልኝ ሠራተኛ በታላቅ ጨዋነት ናሙናው «በምርመራ ላይ አልቋል» አሉኝ። ሰነዳችን ሳይመረመር ወድቆ በሶአችን ግን ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስ ለደከማችሁት ድካም ምስጋናችን ወሰን የለውም።

የጽሕፈት ቤትዎ በር ለሌሎች እንደተከፈተ እንዲኖር፣ መደርደሪያዎችዎም በደረቁ ኤንቨሎፖች እንዲሞሉ እየተመኘሁ፣ ፍኖቱ ለሰላም እስኪከፈት ድረስ ካለችበት የማትነቃነቅ ታዛዥዎ ነኝ።

ሕሊና ክንዱ
የትሕትና ማኅበር ጸሐፊ፣ ቡሬ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ በለጠች፣ ሼድ ውስጥ

በኅዳግ የተጨመረ፦ ናሙናው ማለቁን ስነግራቸው ወ/ሮ በለጠች ከስንት ወር በኋላ ፈገግ አሉ፤ ካለቀ ወደውታል ማለት ነው አሉ። እኔም አሰብኩበት። አምስት ኪሎ በሶ አቅርበናል፣ ተረክባችኋል፣ ምንም ሳታስተርፉ ጨርሳችኋል። እንግዲህ በተራ ቁጥር ሁለት የተጠቀሰውን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ከሰኔ ሠላሳ በፊት እንዲጽፉልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጠመንጃ ሳትይዙ በሶአችንን የበላችሁ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ፤ በልቶ ደብዳቤ በመጻፍም የመጀመሪያዎቹ ሁኑ።