የአባታችን አክሲዮን

ጥቅምት 3
ዛሬም ያው። ማተሚያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል፣ የአክሲዮን ዝውውር ስመዘግብ ዋልኩ። ጡረታ የወጣው ጠራዥ ድርሻውን ለአንድ ሾፌር ሸጠ። ስንት እንደገዛ ብጠይቀው ጎንበስ ብሎ ቅጹን አየ። የገዛውን የማያውቅ ገዢ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

ጥቅምት 9
ዛሬ ፀጉር አስተካካይ ነው የመጣው። ቅጹ እንደ ሾፌሩ ሦስት ቦታ ታጥፏል፤ ጽሑፉም የዚያው ሰው እጅ ነው። ከኋላቸው አንድ ሰው አለ። እንዲህ ተደብቆ የሚገዛ ሰው ሥራው አያጓጓውም፤ ከግማሽ በላይ ከያዘ ማሽኖቹን ነቅሎ ሕንጻውን ይሸጠዋል። አባታችን ከጓደኞቹ ጋር ያቆመው ቤት...
ማነው ግን? ሥራ አስኪያጁ ሰሞኑን አዲስ ጫማ አድርጓል።

ጥቅምት 15
ለማንም አልተነፈስኩም። ለባለአክሲዮኖቹ ልንገር? ከመሃላቸው አንዱ የሰውየው ቢሆንስ? አባዬ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይል ነበር።

ጥቅምት 22
ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ቤት ምሳ በላሁ። የአባታችን አክሲዮን በእሷ ስም ነው፤ እሱ ካልተነካ ግማሽ አይሞላላቸውም። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እትዬ ሆዷ ወሬ አይቋጥርም፣ እስከ ማታ ሰፈሩ ይሰማል።
"ከስተሃል። ሥራ ቦታ ምን አለ?"
"ምንም።"
"ምንም? ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ግድግዳ እያየህ?"
ሳቅ ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ጥቅምት 23
ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ "ደህና አደርክ" አለኝ። ለምን ሁለቴ?

ኅዳር 2
ሾፌሩ ተመልሶ መጣ። ሦስት ቦታ የታጠፈ ቅጽ... ሻጭ በሚለው ላይ የእትዬ ፊርማ።
ደወልኩላት።
"ምንም ስትለኝ ጊዜ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው ብዬ ጠረጠርኩ" አለች። "እንዳልጨነቅ የደበቅከኝ መሰለኝ። አንድ ሰው ልግዛ ብሎ ሲመጣ፣ ዋጋው ሳይወድቅ ልሽጠው ብዬ... የብሩ ግማሽ ያንተ ነው፣ አስቀምጬልሃለሁ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?"
"የለም እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"
ሾፌሩ ቆሞ ይጠብቃል። ቅጹ አንድም ነገር አይጎድለውም፤ ልመልሰው አልችልም። ማህተሙን መታሁበት።

ኅዳር 10
የአዲሱ ባለቤት ሰዎች ሜትር ይዘው ግቢውን ሲለኩ ዋሉ። ባለቤቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ዕቃውን በካርቶን እየከተተ ጠራኝ።
"ከጥቅምት ጀምሮ ነገሩ ሸቶኝ ነበር" አለ።
"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"
"ማህተሙ ያለው አንተ እጅ ነው። አንተን ነበር የጠረጠርኩት።"
ካርቶኑን አብረን አሰርነው። እስከ በሩ ሸኘሁት፤ ጫማው አዲስ አይደለም፣ አስጠግኖት ነው።
አባዬ... ጠርጥሬ ነበር እኮ።