ተቀብለውኛል፣ ግን

ሰኞ

«ተቀብለንሻል» የሚለውን አንብቤ ከአጠገቡ ያለውን ቃል ዘልየዋለሁ። ከሆላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ደብዳቤ ማለቴ ነው። ዛሬ በመምህራን ማረፊያ ለዳኛቸው አሳየሁት። ዳኛቸው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ አብሮኝ እንዲደሰት ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ አነበበው።

«ትዕግሥት፣ ይሄ እኮ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ቅበላ ነው።»

ቃሉን አይቼዋለሁ። በሁሉም ደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ልማድ መስሎኝ ነው እንጂ። «የጠየቁሽን ካሟላሽ ገብተሻል» አለኝ። «ካላሟላሽ ግን እንዳልተቀበሉሽ ቁጠሪው። ነፃ የትምህርት ዕድሉም ከዚሁ ጋር ነው የታሰረው።»

የጠየቁት፦
— ዲግሪ። አለኝ።
— ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ ውጤት። ተልኳል።
— የእንግሊዝኛ ፈተና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። የለኝም።

ፈተናው አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው። ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር መውሰድም ይቻላል አሉ። እዚህ ወረታ ላይ? መብራቱ ሲኖር ኔትወርኩ የለም።

አባየ ደግሞ ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። ጉማራ አጠገብ ባለችው አጥቢያችን ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ልጄን ባሕር ማዶ ጠሯት» ብለዋል። እልል ተብሏል። አሁን ምን ልበላቸው?

ማክሰኞ

ዳኛቸው ስልክ ላይ ሲታገል ዋለ። አገኘልኝ! ዓርብ ጠዋት አንድ የፈተና ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀነ ገደቡን ያልፋል። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት ከባሕር ዳር። በመኪና አባይ በረሃን ማን ይደፍራል።

ከሰዓት የማዳመጡን ክፍል ተለማመድን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በስልኩ የምትናገረው ፈረንጅ ምን እንዳለች አልሰማሁም። «እንደገና» ይላል ዳኛቸው። እንደገናም አልሰማሁም። ሁለታችንም ሳቅን። ከትናንት ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ርዕሰ መምህሩ ለመጪው ዓመት የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዬን ለአዲስ መምህር ሰጥተውታል። «አንቺማ ሄደሽ የለ» አሉኝ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ዳኛቸው ለጽሑፉ ፈተና «ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ?» የሚለውን እንድለማመድ አዞኛል። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ውሸት ይመስላል። እውነቱ ይህ ነው፦ ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ ጉማራ ሞልቶ ቤታችን ገባ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቀለች፣ እኛን ከእህሉ በላይ። ከብቶቹ ሲጮሁ ሰማን፤ ኋላ ዝም አሉ። ፎገራ ላይ ውኃው ነው ሩዙን የሚሰጠን፤ ውኃው ነው የሚወስድብንም። ከእንዲህ ያለ ውኃ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ከነሱ ተምሬ መመለስ ነበር የምፈልገው።

ነበር ብዬ ጻፍሁ። ገና ሳልሄድ።

አባየ ደወሉ፤ ለፈተና እንደምሄድ ሰምተዋል። «ከጠሩሽ ወዲያ ደግሞ የምን ፈተና ነው?» አሉኝ። «የቋንቋ ነው አባየ፣ ትንሽ ናት» አልኋቸው። የቀረውን አልነገርኋቸውም።

ሐሙስ

አልደረስሁም።

ጠዋት ጉማራ ድልድይ ላይ አባየ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁኝ። ሾፌሩ ለሳቸው ብሎ አቆመ። ወርጄ መስቀሉን ተሳለምሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለውንም ሁሉ ባረኩት።

ሐሙሲት ስንደርስ መኪናው ሁሉ ተደርድሯል። «ባሕር ዳር ዛሬ የለም» አለ ሾፌሩ። መንገዱ ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ የለም። ይከፈታል ተባለ፣ ተጠበቀ። ከፊቴ አንድ ሰው ምጥ የጠናባትን ሚስቱን ደግፎ ተቀምጧል፤ ወደ ሆስፒታል ነበር የሚወስዳት። እሷን እያየሁ ስለ ፈተና ማውራት አሳፈረኝ። ከሰዓት ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። የኔው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ስንመለስ አባየ ድልድዩ ላይ እንዳይኖሩ ጸለይሁ። ነበሩ።

«ከወዲያ የሚመጣ መኪና ባጣ፣ ትመለሳለች ብዬ ቆየሁ» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ፈተናው ትንሽ እንዳልሆነች፣ ጥሪው በሷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«እና አልጠሩሽም ኖሯል?»

«ጠርተውኛል አባየ። ግን…»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን በአማርኛም አቃተኝ።

ዓርብ

ፈተናው ይሰጥ በነበረበት ሰዓት እኔ ዘጠነኛ ክፍል እየፈተንሁ ነበር።

ከዚያ ለሆላንዶቹ ጻፍሁላቸው፣ ጊዜ እንዲጨምሩልኝ። ዳኛቸው አረመልኝ። «መንገድ ተዘግቶብኝ» የሚለው ላይ ብዕሩን አቁሞ ቀረ። «እነሱ አገር መንገድ ተዘጋ ማለት በረዶ ወረደ ማለት ነው» አለ። ሌላ ቃል ፈለግን። አጣን። እንዳለ ላክሁት።

ቅዳሜ

መልሱ የመጣው ትናንት ነው፤ ያየሁት ዛሬ ኔትወርክ ሲመለስ። ጨዋ መልስ ነው። በደረሰብሽ አዝነናል ይላል። ቦታውን እስከ መጪው ዓመት ያቆዩልኛል፣ በዚያው ቅድመ ሁኔታ። ነፃ ትምህርቱ ግን አይቆይም፤ ለተከታዩ ሰው ያልፋል። እንደገና ከሌሎች ጋር ልወዳደር እችላለሁ።

ያለ ነፃ ትምህርት ያ ቦታ ለኔ ምኔ ነው? አባየ ያላቸውን በሬና ላም ሁሉ ቢሸጡ እንኳ የሚደረስበት አይደለም።

«እምቢ አላሉሽም እኮ» አለ ዳኛቸው።

እሺም አላሉኝም።

ሲመሽ ለአባየ ደውዬ አነበብሁላቸው። «ነገ ለሕዝቡ እኔ እናገራለሁ» አሉ። «ያወራሁት እኔ ነኝ።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባየ ቆሙ። «ልጄ አትሄድም። የጠየቋትን እንዳትሰጥ መንገድ አስቀራት» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አንገቴን ደፍቼ የሕዝቡን ሐዘን ስጠብቅ፣ እትየ ጥሩ፣ እናቴን የቀበሩ ጎረቤታችን፣ «እሰይ! እንኳንም ቀረሽልን!» ብለው እልልታውን ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሉ። አቅፈው ሳሙኝ። «የሰው አገር ምን ያደርጋል» አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ ስለሚወዱኝ ነው። ፈገግ አልሁ። ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ አልሁ።

ከአባየ ጋር በሩዙ ማሳ ድንበር ወደ ቤት ሄድን። ሰንበት ስለሆነ ሜዳው ላይ ሰው የለም። ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያስቀረኛል፤ እሳቸው ቆም ብለው ይጠብቁኛል።

«ሁሉም እሰይ አለ» አሉኝ።

«አዎ አባየ።»

«እኔ አላልሁም። እኔስ ብትሄጅ ነበር ደስታዬ።»

ሳምንቱን ሁሉ ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣ። አባየ አላባበሉኝም፣ ተዪም አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው እስክጨርስ ቆሙልኝ።

ቀለል ብሎኛል። ነገ የዘጠነኛ ክፍልን ወረቀት አርማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።