ሮድ አይላንድ አልመጣችም

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ጠይባ፣ ስቴፕለሩን የት ነው ያስቀመጥሽው?

መሳቢያውን ገለበጥኩት። ማርከር፣ ማርከር፣ የደረቀ ማርከር፣ ሶፍት፣ ግማሽ ፓኬት ሱፍ። ሱፉን በላሁት። "ክፍል ውስጥ አይበላም" ልትይኝ ነው? ራስሽ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለሽ ስትቆረጥሚ የኖርሽው...

ክፍሉ እንደተውሽው ነው። መስኮቱ ላይ የለጠፍሽው ፎይል ፀሐዩን ይመልሳል። ኤሲው እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያጓራል። ለቅዳሜው የአሜሪካ ታሪክ ትምህርትሽ አሥራ ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል። ካምናው በአንድ ይበልጣሉ። ማን ያስተምረናል ብለው ይሆን?

እሺ፣ ልጻፈው። እህቴ፣ ከሞትሽ ዘጠኝ ሳምንት ሆነ። ልብ ነው አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት፣ ደረጃ በሩጫ የምትወጪ ሰው... ልብ?

ይህን ደብተር የሰጠሽኝ ከኮምቦልቻ የመጣን ሰሞን ነው። "በየቀኑ ሁለት መስመር በአማርኛ ጻፍ፣ ይጠፋብሃል።" ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት። አልጠፋብኝም። ዛሬ እንዲያውም ከሁለት መስመር አለፈ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

ጋሽ ዘውገ አስተማሩ! ማን ይገምታል? የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልሱት። አምና የዜግነት ፈተና ሲያልፉ ያጠኑትን መቶ ጥያቄ እስካሁን በቃላቸው ይዘውታል። "አስተማሪ እስኪገኝ እኔ አለሁ። በየሳምንቱ አሥር አሥር ጥያቄ።" እኔ ወረቀት አዳይ። እንደ ድሮው።

አዲስ ልጅ አለ፣ ሚቅዳድ የሚባል፣ ስድስተኛ ክፍል። ጋሽ ዘውገ "በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ኮንቬንሽን ተደረገ፤ ሕገ መንግሥቱ እዚያ ተጻፈ" ሲሉ እጁን አወጣ።

"ባጅ ነበራቸው?"

"የምን ባጅ?"

"ኮንቬንሽን ነው አላችሁ አይደል? እናቴ ኮንቬንሽን ካለ ኦቨርታይም ትሠራለች። ሩማቸውን ማን ክሊን አደረገው?"

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አወለቁ። "መቶው ውስጥ የለም" አሉ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጁ ግን ምን አጠፋ? በዚህ ከተማ ኮንቬንሽን ማለት ባጅ ያንጠለጠለ ሰው፣ የተዝረከረከ ክፍልና ደክሟት የምትገባ እናት ነው።

ሲያልቅ ሐጂ ተማም ጠሩኝ። ክፍሉ የኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ንብረት ነው፣ ሰብሳቢው ደግሞ እሳቸው።

"አብሽር ኢማድ። እናትህ እንዴት ናት?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናት።"

"ይሄን ክፍል የቴኳንዶ ልጆች ጠይቀውናል። እስከ ሴፕቴምበር ሃያ እንያችሁ። ያን ዕለት ራሴ እመጣለሁ። የሚያስተምር ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት የናንተ ነው። ከሌለ ግን... ክፍል ባዶውን አይቀመጥም ልጄ።"

"ጋሽ ዘውገ አሉ እኮ።"

"ዘውገ የሚኖረው በሺፍት ነው" አሉ።

ሦስት ዓመት ያስተማርሽበት ክፍል ለቴኳንዶ? በቴኳንዶ ምንም ቂም የለኝም። ግን...

እሑድ፣ ኦገስት 24

ስቴፕለሩ አልተገኘም። አዲስ ልግዛ? አልገዛም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ሃዲያ ዛሬም አልገባችም። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ አምና ሁሉንም በጩኸት ያሸነፈችው። አባቷ በር ላይ ያወርዳትና ይሄዳል፣ እሷ ኮሪደር ላይ ወንበሯን ይዛ ቁጭ።

"ግቢ እንጂ።"

"አልገባም። ሚስ ጠይባ የለችም።"

"ጋሽ ዘውገ አሉ።"

"እሳቸው አፕ ናቸው። ጥያቄ፣ መልስ፣ ጥያቄ፣ መልስ።"

"እኔም አለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተ ወረቀት ነህ።"

ወረቀት! ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም። ቤት እስክደርስ ስስቅ ነበር። ቤት ስደርስ ትንሽ አላሳቀኝም። እውነቷን ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

የጫማ ሳጥኑን ከአልጋሽ ሥር አወጣሁት። የኮንቬንሽን ሰዎች ሲሄዱ ክፍል ውስጥ የሚጥሏቸው ባጆች። እማ ከሆቴል ታመጣልሻለች፣ አንቺ በሰዎቹ ስም ላይ ነጭ ወረቀት እየለጠፍሽ ቨርጂኒያ፣ ደላዌር፣ ጆርጂያ... ትጽፊያለሽ። ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሮድ አይላንድ የለችም።

ያንቺዋ። ያኔ አሥራ ሁለቱ ግዛቶች ፊላደልፊያ ሰው ሲልኩ ሮድ አይላንድ እምቢ ብላ ቀረች። ስለዚህ በየሴፕቴምበሩ ልጆቹ ያንን ስብሰባ ሲጫወቱ አንቺ ሮድ አይላንድ ነበርሽ። ባጁን አጥልቀሽ "እኔ አልመጣሁም!" ትያቸውና ወጥተሽ ሱፍ ትቆረጥሚያለሽ። እነሱ ብቻቸውን ይጨቃጨቃሉ። "ዋናው የማስተምረው ያኔ ነው" ትይ ነበር። ከሥራ ማምለጥ ይመስለኝ ነበር።

ከሳጥኑ ሥር ማስተማሪያ ደብተርሽ አለ። የዚያ ቀን ገጽ አራት መስመር ብቻ ነው። "መስኮት ዝጊ። በር ዝጊ። ምስጢር እንዲጠብቁ ቃል አስገቢያቸው። ከዚያ ዝም በይ።" የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

አንቺና ዝምታ! ሁለት ጊዜ ባታሰምሪበት ይገርመኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ዛሬ አምስት ደቂቃ አስተማርኩ!

ደብተርሽ ጥግ ላይ "ማን አበሰለ? ማን አጠበ? ይጠይቃሉ። አትሽሺ" የሚል አገኘሁ። ሁለት ቀን ላይብረሪ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጋሽ ዘውገን አስፈቅጄ ተነሣሁ። 

"ሚቅዳድ፣ ያንን ጥያቄህን አገኘሁት። ከተሰብሳቢዎቹ አንዳንዶቹ በባርነት የያዟቸውን ሰዎች አስከትለው ነው የመጡት። የሚያለብሷቸውም የሚላላኳቸውም እነሱ ነበሩ። ውስጥ ስለ ነፃነት ሲወራ እነሱ ከበር ውጭ ነበሩ።"

"ባጅ የላቸውም?"

"የላቸውም።"

"ይሄማ ፌር አይደለም።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ዘውገ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉና "መቶ አንደኛ" አሉ።

በበሩ ሥር የሃዲያ ጫማ ታየኝ። ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ተጠግታ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። "ኢማድ፣ የሚመጣው ቅዳሜ የለሁም" አሉኝ ጋሽ ዘውገ። "ትልቅ ኮንቬንሽን ይገባል፣ ከንጋት ጀምሮ ሺፍት ላይ ነኝ።" ኮንቬንሽናችንን ኮንቬንሽን ወሰደብን! ያውም ሐጂ ተማም በሚመጡበት ቀን። ጋሽ ዘውገ አሳዘንኳቸው መሰል ሁለት ሳጥን ዶናት እልካለሁ አሉ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

መስታወት ፊት ተለማመድኩ። "እንደምን አደራችሁ ተወካዮች።" አስጠላኝ። ድምፄ ለምን ይቀጥናል?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

እማ ከሥራ ገባች። ነገ እሷም ኦቨርታይም አላት፣ ያው ኮንቬንሽን። የሥራ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስትጥለው ተገለበጠ። ከጀርባው ሌላ ባጅ። ሮድ አይላንድ። ያንቺ ጽሑፍ፣ ያ ጠማማ "ይ"።

ስመለከተው አየችኝ።

"ስትፈልገው ነበር?"

"አይ... አዎ።"

"ውሰደው የኔ ጌታ።" እጇ ግን ከላዩ አልተነሣም። "ክፍል ሳጸዳ አብራኝ ትዞራለች ብዬ ነው።"

"አንቺ ጋ ትሁን እማ። ሮድ አይላንድ እኮ ስብሰባው ላይ አልመጣችም። ባጅ አያስፈልጋትም።"

"ምነው ቀረች?"

"እምቢ አለች።"

"እሷ ደግሞ እምቢ ካለች አለች ነው" አለች።

ማንን ማለቷ ነው? ተያየን። ከዚያ ሳቅን። ከጁን ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች "ነገ ቁርስ ሳትበላ እንዳትሄድ" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ብቻዬን አስተማርኩ። ሳይጠፋብኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ቁርስ በላሁ። ቀድሜ ሄጄ በሩን ከፈትኩ፣ አሥራ ሁለቱን ባጆች ደረደርኩ። የጋሽ ዘውገ ዶናት ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ልጆቹ ሲሟሉ ኤሲውን አጠፋሁ። "በ1787 ኤሲ አልነበረም" አልኳቸው። በዚህ ከተማ፣ በሴፕቴምበር! አምስት ደቂቃ ቻሉ። የመጀመሪያው ድምፅ የተሰጠው ኤሲው ይብራ አይብራ በሚለው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ለዜሮ በራ።

መስኮት ዘጋሁ። እዚህ የተባለው ውጭ እንዳይወራ ቃል አስገባኋቸው። በሩን ከመዝጋቴ በፊት ወጣ አልኩ። ሃዲያ ወንበሯ ላይ ናት።

"ዛሬ ግቢ አልልሽም። ሮድ አይላንድ ሁኚ።"

"እሷ የሚስ ጠይባ ናት።"

"አውቃለሁ።"

የገዛሁትን ሱፍ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ከዚያ ስክሪብቶ ጠይቃኝ መዳፏ ላይ ጻፈች፤ ሮድ አይላንድ።

"ማንም እንዳይገባ" አልኳት። "ምስጢር ነው።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ውስጥ ዶናቱ ጦርነት አስነሣ። እንዴት እንደሚካፈሉት ራሳቸው እንዲወስኑ ነው ያልኳቸው። ሚቅዳድ ቨርጂኒያ ነው። "እኔ ብዙ ሰው አለኝ! በሰው ቁጥር ይካፈል!" ሳሊሐ፣ የክፍሉ ትንሿ፣ ደላዌር፣ ጠረጴዛ መታች።

"እኔ ስቴት አይደለሁም? እኩል!"

"አንቺ ትንሽ ነህ!"

"መጀመሪያ 'ነሽ' በል!"

ሁሉም ይጮሃል። አንዱ ሊያለቅስ ደርሷል። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አፌን ልከፍት ስል... ዝም በይ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ። እንዴት ይረዝማል! ለካ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ሱፍ መቆርጠም እንዲህ ከባድ ሥራ ነበር።

ከዚያ ሳሊሐ ጠረጴዛውን አየችና "ሳጥኑ ሁለት ነው እኮ" አለች። "አንዱ እኩል። አንዱ በሰው ቁጥር።"

ቨርጂኒያ ጭንቅላቱን አከከ። "...እሺ" አለ። የፊላደልፊያዎቹን ሳምንታት የፈጀባቸው ነገር! ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሣልኩ። አንዱ ሥር ሴኔት፣ ለሁሉም እኩል። አንዱ ሥር የተወካዮች ምክር ቤት፣ በሕዝብ ቁጥር። ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም።

በበሩ ሥር ወረቀት ገባ። "ሮድ አይላንድስ ዶናት የላትም?"

"አልመጣችም!" አለ ሚቅዳድ። ክርክር። ድምፅ። ሰባት ለአምስት፤ አንድ ዶናት ተቀመጠላት።

ሕጋቸውን ጻፉ። ዶናት በሁለት ሳጥን ይካፈላል። ኤሲ አይጠፋም። ሦስተኛውን ሚቅዳድ ነው ያስጨመረው፤ ክፍል የሚያጸዳ ሰው ባጅ ይኖረዋል፣ ድምፅም ይሰጣል። አሥራ ሁለቱም ፈረሙ።

ሁለተኛ ወረቀት ገባ። "አንድ ሽማግሌ መጣ። አላስገባሁም።"

ሐጂ ተማም! በሩን በረገድኩት። ከሃዲያ ጎን ተቀምጠዋል። ሱፍ እየቆረጠሙ።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ..."

"'አንተ መግባት አይችልም' አለችኝ" አሉ። "አንተ! እኔን!"

"እርስዎ ማለት ረሳሁ" አለች ሃዲያ።

"የማን ክፍል ነው አልኳት። የኢማድ ነው አለች። ታዲያ አንቺ ለምን ውጭ ተቀመጥሽ ስላት፣ እኔ ሮድ አይላንድ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለችኝ።" ተነሥተው የሱፉን ልጣጭ ከልብሳቸው አራገፉ። "ስንት ስብሰባ መርቻለሁ። በር ላይ የመለሰኝ ሰው አልነበረም። ቴኳንዶዎቹን እሑድ አደርጋቸዋለሁ።"

የኢማድ ነው አለች። ወረቀት አላለችም።

የተፈረመውን ለሃዲያ ዘረጋሁላት። "አሁን ትፈርሚያለሽ?"

"እውነተኛዋ ሮድ አይላንድ መቼ ተቀበለችው?"

"ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው።"

"እንግዲያው ጊዜ አለኝ" አለች። ዶናቷን ልትወስድ ግን ገባች። እዚያው ወንበር ስባ ተቀምጣ በላች። አልወጣችም።

ሚቅዳድ ወረቀቶቹን ሰብስቦ መጣ። "ኢማድ፣ ስቴፕለሩ የት ነው?"

"ጠፍቷል" አልኩት። "ጥጉን እጠፈው።"

አጠፈው። ያዘ።