መናገር አይገደዱም፦ “አትናገር” የተባሉት መርማሪ የሕይወት ታሪክ

ሟች ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱ አፋቸውን የፈቱት ዘግይተው ነው፤ ከፈቱም በኋላ ብዙ አልተጠቀሙበትም። ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ፖሊስ ሆኑ፤ ቆይተውም በመርማሪነት ተመደቡ።

ተጠርጣሪ ሲቀርብላቸው በመጀመሪያ ወንበር ይሰጡታል። ቀጥለው መናገር እንደማይገደድ፣ የተናገረው በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል፣ ጠበቃ የማማከር መብት እንዳለው ያስረዱታል። “ገባህ?” ብለው አያልፉም፤ “እስቲ በራስህ አነጋገር መልሰህ ንገረኝ” ይላሉ። በብስክሌት ስርቆት የተጠረጠሩ አንድ ሽማግሌ “ዝም ብል አትቆጡኝም፤ ብለፈልፍ ግን በገዛ ራሴ ላይ መሰከርኩ” ቢሏቸው፣ “እንዲያ ነው አባቴ” አሏቸው። ሽማግሌውም እስከ ምሳ ሰዓት ዝም አሉ። ባልደረቦቻቸው “አትናገር” የሚል ቅጽል ያወጡላቸው ያኔ ነው።

በሠላሳ ዓመታቸው የጣቢያው ስልክ ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሃምሳኛ ዓመታቸውን እንደያዙ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም የጣውላ መጋዘን ተቃጠለ። የመጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ተይዞ፣ በሌሎች መርማሪዎች ተደብድቦ “አዎ፣ እኔ ነኝ” አለ። ሟች በተከፈተ በር ሲያልፉ ዱላውን አይተዋል፤ ይህንንም ፍርድ ቤት እንደሚመሰክሩ ተናገሩ። አለቃቸው “ያመነን ሰው ልታስክድ ነው?” ብለው ተቆጡ። አማቻቸውም ቤት ድረስ መጥተው “የማን ዘመድ ነህ? ዓይንህን ብትጨፍን ምን ነበረበት?” አሏቸው።

“ጋሼ፣ ማን እንዳቃጠለው አላውቅም። ሲደበደብ ግን አይቻለሁ” ብለው መለሱላቸው፤ ፍርድ ቤት ቀርበውም ይህንኑ መሰከሩ። ዳኛው በዱላ የተገኘውን የእምነት ቃል ውድቅ አደረጉት፤ ሰውዬውም ተፈታ። መጋዘኑን ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሟች ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ፤ እድገታቸውም በዚያው ቀረ። አማቻቸው ደጃቸውን መርገጥ ተዉ። ባለቤታቸው ግን “ከወንድሜና ከባሌ ምረጪ አትበሉኝ” ብለው በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለሱ ጫማ ጨርሰዋል።

ሟች በጡረታ ላይ ሳሉ በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። አንድ ጠዋት አማቻቸው ሳይጠሩ መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

“አሁንስ ማን እንዳቃጠለው አወቅህ?”

“አላወቅሁም ጋሼ።”

አማቻቸው “እኔም አላወቅሁም” አሉ። ምላጭና ሳሙናም አስመጥተው የሕመምተኛውን ጺም ላጩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለልጆቹም ቢሆን አልለቀቁም።

ሟች ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ተላጭተው እንዳበቁ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አማቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የሁሉ ዳኛ የሆነው አምላክ ነፍሳቸውን ሳያስደነግጥ ይቀበልልን፤ ለቀሪው ቤተሰብም መጽናናትን ይስጥልን።